ቋንቋና ሥልጣን፦ ከቤንጋል ሕዝብ ትግል የምናገኘው ትምህርት

ቋንቋ የመግባቢያ መሣሪያ ነው ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ብዙ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ለመንግሥት ሥራ ሲመረጥ፣ ቋንቋ የእንጀራና የሥልጣን በርም ይሆናል። ማመልከቻውን ራሱ የሚጽፈው ማን ነው? የዳኛውን ፍርድ ያለ አስተርጓሚ የሚሰማው ማን ነው? የቅጥር ፈተናውን የሚያልፈው የማን ልጅ ነው? የኦፊሴል ቋንቋ ጉዳይ በተነሣበት ሁሉ ከስሜቱ በስተጀርባ እነዚህ ጥያቄዎች አሉ። የፓኪስታን ታሪክ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 የእንግሊዝ አገዛዝ ሲያበቃ የተመሠረተችው ፓኪስታን በ1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሕንድ ምድር የተለያዩ ሁለት ክፍሎች ነበሯት። ከጠቅላላው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በምሥራቁ ክፍል የሚኖረውና ቤንጋሊ የሚናገረው ነበር። የማዕከላዊው መንግሥት መሪዎች ግን ለአገር አንድነት የሚበጀው ኡርዱ ብቻ ነው አሉ። ኡርዱ የዳበረ ሥነ ጽሑፍ ያለው ቋንቋ መሆኑ አያከራክርም፤ ሆኖም አፉን የፈታበት ከሕዝቡ ጥቂቱ ብቻ ነበር። በቴምብር፣ በሳንቲምና በመንግሥት ቅጾች ላይ ኡርዱና እንግሊዝኛ ሲታተሙ ቤንጋሊ ተዘለለ።

በ1948 መጀመሪያ ዲሬንድራናት ዳታ የተባሉ የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባል በጉባኤው ቤንጋሊም እንዲነገር ሐሳብ ቢያቀርቡ ተቀባይነት አጡ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የአገሪቱ መሥራች መሐመድ ዓሊ ጂና ዳካ ድረስ መጥተው የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ እንጂ ሌላ እንደማይሆን አስታወቁ። ይህን ያስታወቁት ግን በእንግሊዝኛ ነበር።

ፌብርዋሪ 21 ቀን 1952 የዳካ ተማሪዎች የስብሰባ ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ፖሊስ ተኮሰ። ራፊቅ፣ ባርካትና ጃባር በዚያን ዕለት ከወደቁት መካከል ናቸው። ለመታሰቢያቸው በሌሊት የተሠራው ሐውልት በጥቂት ቀናት ውስጥ በመንግሥት ኃይል ፈረሰ። ኪነ ጥበብ ግን ዝም አላለም። በዚሁ ትግል ሳቢያ የታሰረው ጸሐፌ ተውኔት ሙኒር ቾውዱሪ በ1953 «መቃብር» የተሰኘውን ተውኔት እዚያው ወህኒ ቤት ጻፈ፤ እስረኞችም በፋኖስ ብርሃን ተጫወቱት።

በ1954 ምርጫ ገዢው ሙስሊም ሊግ በምሥራቅ ክፉኛ ተሸነፈ። የ1956ቱ ሕገ መንግሥትም ኡርዱንና ቤንጋሊን የመንግሥት ቋንቋዎች አደረገ። ይሁን እንጂ ጦሩ፣ ከፍተኛው ሹመትና የበጀቱ ቁልፍ በምዕራቡ እጅ ነበሩ። በሕግ የታወቀ ቋንቋ ሥልጣንን ካላካፈለ ቁስልን አያሽርም። በ1971 ከብዙ ደም መፍሰስ በኋላ ባንግላዴሽ ተመሠረተች። ዳታም፣ ሙኒር ቾውዱሪም በዚያው ዓመት ተገደሉ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል የድል ተረት በሆነ። በ1972 አዲሲቱ ባንግላዴሽ ሕገ መንግሥቷን ስታወጣ ቤንጋሊን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ፣ ዜጎቿንም ሁሉ ቤንጋሊ አለቻቸው። የቻክማ ተወላጁ የጉባኤ አባል ማናቤንድራ ናራያን ላርማ ሕዝባቸው ቤንጋሊ አለመሆኑን ቢያስረዱም የሰማቸው አልነበረም። ስለ ቋንቋው የሞተ ሕዝብ፣ ባለ ሥልጣን በሆነ ማግስት የጎረቤቱን ቋንቋ ዘነጋ።

እኛም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለንም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ኦፊሴል ቋንቋ አደረገ፤ ስለ ሌሎቹ ግን አላነሣም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደቱ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና አላቸው አለ። አንቀጹን ሥጋ የሚያለብሰው ግን የመምህሩ ሰሌዳ፣ የዳኛው ችሎትና የከያኒው መድረክ ነው። ይህን ጽሑፍ በአማርኛ የምጽፍ እንደ መሆኔ ጥያቄውን ከራሴ እጀምራለሁ፦ ቋንቋዬ በር የከፈተልኝን ያህል፣ በሩ የተዘጋበት ማን ነው? አንድነት የሚጸናው ይህን ጥያቄ በመፍራት ሳይሆን በመመለስ ነው።