የቤት ኪራይ ሲዘገይና ውል ሲቋረጥ ማስጠንቀቂያ እንዴት ይሰጣል?

ለልጁ ትምህርት ሲል ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ አርሶ አደር ገንዘብ በእጁ የሚገባው እህሉ ተወቅቶ ሲሸጥ ነው። ክፍሏን ያከራዩት እናት ደግሞ በየወሩ የሚጠብቁት ኪራይ መተዳደሪያቸው ሊሆን ይችላል። ክፍያው ሲዘገይ ክርክሩ በ“ውጣልኝ” እና በ“ትንሽ ይታገሡኝ” ይጀምርና በር እስከ መቆለፍ ይደርሳል። ሕጉ ግን ከመዘግየቱና ከመውጣቱ መካከል ቀን የተቆረጠለት ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያዝዛል።

መሠረታዊው ድንጋጌ የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2952 ነው። ኪራይ የመክፈያው ቀን ሲያልፍ አከራዩ ለተከራዩ የመክፈያ ጊዜ ወስኖ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልከፈለ ውሉ የሚቋረጥ መሆኑን ሊያስታውቀው ይችላል። ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ለበለጠ ዘመን የተደረገ ከሆነ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ዘመኑ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን ነው። ጊዜው የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን ተከራዩ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ተባዝተው በሚሸጡ የውል ቅጾች ላይ “ተከራይ አንድ ቀን ቢያሳልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል” የሚል ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ባለመክፈል ምክንያት ውሉን ወዲያውኑ ለማፍረስ የሚፈቅድ ቃል በዚሁ ሕግ ዋጋ የለውም፤ ተከራዩ ቢፈርምበትም እንኳ።

አቆጣጠሩ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጥር 10 ቀን ማስጠንቀቂያ የደረሰው የዓመት ተከራይ የመጨረሻ ቀኑ የካቲት 10 ነው። ነሐሴ 20 ቀን ለደረሰው ግን ጳጉሜን መሐል ትገባለችና 30ኛው ቀን መስከረም 20 ሳይሆን መስከረም 15 ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14።

ማስጠንቀቂያው ያልተከፈለውን ገንዘብ መጠን፣ የየትኛው ወር እንደሆነ፣ የተሰጠውን ጊዜና ካልተከፈለ ውሉ የሚቋረጥ መሆኑን በግልጽ ሊናገር ይገባል። ይህ የመጨረሻው ቃል ከሌለበት ወረቀቱ ዕዳን ከማስታወስ አያልፍም። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ በአንዱ ላይ ተከራዩን ማስፈረም ይበጃል፤ አልፈርምም ካለ በምስክሮች ፊት መስጠትና ምስክሮቹን ማስፈረም ነው። ተከራዩ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ዕዳውን አጠናቆ ከከፈለ ውሉ እንደነበረ ይቀጥላል። ደረሰኙን ወይም የባንክ ማስረጃውን ግን አይጣለው፤ በቃል የተከፈለ ኪራይ ሲካድ ማስረዳቱ አድካሚ ነው።

ዘመኑ ተወስኖ የተደረገ ውል ቀኑ ሲደርስ በራሱ ያልቃል። ዘመኑ ካለቀ በኋላ ተከራዩ ሲኖር አከራዩ ዝም ካለ ግን ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ለማቋረጥ የፈለገ ወገን ለሌላው ማስታወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ውሉን ማደስ የማይፈልግ አከራይ ሐሳቡን አስቀድሞ በጽሑፍ ቢገልጽ ይመረጣል።

ከዚህ አጠቃላይ ሕግ በተጨማሪ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ክልሎች አዋጁ ተፈጻሚ እንዲሆንባቸው በሚወስኗቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ኪራይ ሲዘገይም ሆነ ውል ሲቋረጥ አዋጁ የራሱ ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ከላይ የተጠቀሱትን 30 እና 15 ቀናት ከመቁጠር በፊት ከተማው በአዋጁ ሥር መሆን አለመሆኑን ከከተማ አስተዳደሩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጊዜው አልፎ ተከራዩ አልወጣም ቢል የአከራዩ መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ዕቃ አውጥቶ መጣል፣ ቁልፍ መቀየር፣ ውኃና መብራት መቁረጥ መብቱ ያለውን አከራይ ራሱን ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል። ለፍርድ ቤቱ የሚቀርቡት ውሉ፣ የማስጠንቀቂያው ቅጂና ተከራዩ የተቀበለበትን ቀን የሚያሳየው ማስረጃ ናቸው።

የእርሻ መሬት ኪራይ በዚህ ሥርዓት አይታይም፤ እርሱ የሚመራው በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ ሲሆን፣ ጥያቄ ያለው አርሶ አደር ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሊያመራ ይገባል።