የሸክላው ዘመንና የተከሳሽ መልስ



ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ከሮቤ የተነሣው ተሳፋሪ በመቀመጫው ሳይደላደል፣ አንዱ ከስልኩ የላከው ዘፈን ጎባ ላለው ወዳጁ ይደርሳል። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ግን የአዲስ አበባ ዘፈን ወደዚያ ደጋ የሚዘልቀው በራዲዮ ሞገድ ወይም በሸክላ ተቀርጾ ነበር። ይሁን እንጂ መቅዳት ቢቀልም በሕግ ፊት የሚያስከትለው ኀላፊነት አልቀለለም። ስለዚህ «ያለ ፈቃድ አባዝተህ አሰራጭተሃል» የተባለ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ሸክላ የማስመጣቱና የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ሊከተለው የሚችለውን ክስ እያወቀ፣ ዘፋኞችን አስቀርጾ ሸክላውን በውጭ አገር አሳተመ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች በስሙ ወጡ፤ ሌሎችም አሳታሚዎች ተከተሉት።

እንግዲህ አምሃ የተላለፈው ምንድን ነው ቢባል፣ የአንድን ማኅበር የብቻ መብት ነው፤ የዘፋኙን ድምፅ ግን ከዘፋኙ ሰርቆ አልወሰደም። የደራሲና የከያኒ መብት ከዚያ አስቀድሞ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ተደንግጎ ነበር። «ሕገ ወጥ» የሚለው ቃል አንድ ቢሆንም፣ የብቻ ንግድን መዳፈርና የሰውን ድካም መውሰድ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ዛሬ የሚሠራበት የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ልዩነት ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። በአንቀጽ 9 መሠረት ማንም የተፈጥሮ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጅ ቢያደርግ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም፤ ነገር ግን የመጽሐፍን ሙሉ ወይም ዋነኛ ክፍል በፎቶ ኮፒ ማባዛትና የኮምፒዩተር ፕሮግራም መቅዳት ከዚህ ፈቃድ ውጭ ናቸው። በአንቀጽ 36 ደግሞ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰም በእስራት ይቀጣል።

ስለሆነም «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ብቻውን አያድንም፤ «ሁሉም ያደርገዋል» ማለትም ከመልስ አይቈጠርም። ተከሳሹ አስቀድሞ ሊያጣራ የሚገባው ይህ ነው፤ ሥራው የማን ነው? ፈቃድ ነበረኝን? የቀዳሁት ለራሴ አንድ ቅጅ ነው ወይስ ለብዙዎች አሰራጭቻለሁ? ሽጬበታለሁን? ክሱ ዝርዝሩን ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲደርሰው፣ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲመለከትና ጠበቃ እንዲያቆም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይፈቅድለታል፤ እስኪፈረድበትም እንደ ንጹሕ ይቈጠራል። መጥሪያን መሸሽና ስልኩን አጥፍቶ መደበቅ ግን ይህን መብት በገዛ እጅ መጣል ነው።

ከባሌ ደጋ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚወርደው ተሳላሚ የውዳሴውን ዜማ ከአባቶቹ ሰምቶ ለልጆቹ ያሰማል፤ ማንም «የኔ ነው» ብሎ አይከለክለውም። አንዳንዱ ተከሳሽ ይህን አብነት አድርጎ «ዘፈን የሕዝብ ነው» ሲል ይከራከር ይሆናል። አባቶች ያወረሱት ዜማና ዛሬ አንዱ ደክሞ፣ ገንዘቡን አፍስሶ ያስቀረጸው ዘፈን ግን አንድ አይደሉም። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ዜጋ ያላግባብ ሲከሰስ በድፍረት ይመልሳል፤ ጥፋት ካለበትም አምኖ ይክሳል።