ቴምብር የሌለው ፖስታ

ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በመጣ ፖስታ ላይ ቴምብር ፈልጋችሁ ያጣችሁ ታውቁታላችሁ። ከላይ በቀኝ በኩል የገንዘብ መጠንና ቀን ያለበት ቀይ ማኅተም ብቻ ነው ያለው። ቴምብር ለሚሰበስብ ልጅ ይሄ ክህደት ነው። እኔን ግን አሁን አሁን ከቴምብሩ ይልቅ የሚስበኝ ያ ቀይ ማኅተም ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከሌብነት ነዋ።

ቴምብር ስም ያልተጻፈበት ትንሽ ገንዘብ ነው። ብዙ ደብዳቤ የሚልክ ድርጅት ይሄን ገንዘብ በጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል። ሁለት ሦስት አንስቶ ኪስ ውስጥ ቢከቱ ማን ይቆጥራል? ጆሴፍ ስሎፐር የሚባል እንግሊዛዊ በ1868 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መላ አመጣ፦ የድርጅቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ቴምብሩ ላይ በጥቃቅን ቀዳዳዎች መብሳት። የተበሳ ቴምብር የሰረቀ ሰው ገዢ ለማግኘት ይቸገራል። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ግን መላሱና መለጠፉ አልቀረም፣ ላይ ደሞ መብሳት ተጨመረ።

ታዲያ ቴምብሩን ራሱን ለምን አናስቀረውም? ሐሳቡ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ኖርዌይ በ1900፣ ኒውዚላንድ በ1904 በማሽን ማተምን ሞክረዋል። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ በግድግዳ ወረቀት መደብር ይሠራ የነበረው አርተር ፒትኒ በ1902 ለማሽኑ የፈጠራ መብት አገኘ። የአሜሪካ ፖስታ መሥሪያ ቤት ለንግድ ሥራ የፈቀደለት ግን በ1920 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት!

ቢሮክራሲ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን በመሥሪያ ቤቱ አልፈርድም። ነጋዴው የጠየቀው ምን እንደሆነ አስቡት፦ «የመንግሥትን ገንዘብ እኔ ቢሮ ውስጥ ላትም፣ እናንተ እመኑኝ» ነው ያለው። አሠሪው ጸሐፊውን አላምን ብሎ የጀመረው ነገር፣ መንግሥት አሠሪውን ያምናል ወይ ወደሚል ጥያቄ ዞረ።

መልሱ የተገኘው በቆጣሪው ነው። የካርድ መብራት ቆጣሪ ቤታችሁ ካለ አሠራሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ድርጅቱ ቆጣሪውን ከማሽኑ ነቅሎ ፖስታ ቤት ይወስድና አስቀድሞ ይከፍል ነበር፤ ሠራተኛው የተከፈለውን መጠን ሞልቶ ይቆልፈውና በማኅተም ያሽገው ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ደብዳቤ ሲታተም ቀሪው ይቀንሳል፣ እስካሁን የታተመው ድምር ደግሞ ይጨምራል። ሒሳቡ ሲያልቅ ማሽኑ ቀጥ ይላል። የሁለቱ ቁጥሮች ድምር ከተከፈለው ጋር እኩል ካልሆነ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። ማንም ማንንም ማመን አላስፈለገውም።

ፒትኒ ይሄን ለብቻው አልጨረሰውም። ዋልተር ቦውስ ለፖስታ ቤቶች የቴምብር መምቻ ማሽን የሚያቀርብ፣ ከባለሥልጣናት ጋር መነጋገር የሚያውቅበት ነጋዴ ነበር። ሁለቱ በ1920 ኩባንያቸውን አዋሃዱ፤ መስከረም ላይ ፈቃድ ወጣ፣ ኅዳር ላይ ስታምፎርድ ከተማ የመጀመሪያው ደብዳቤ ታተመ። ፒትኒ በ1924 ኩባንያውን ለቆ ወጣ። ስሙ ግን ፒትኒ ቦውስ በሚለው ውስጥ እስከዛሬ አለ።

ከ1922 ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት ይሄን ማኅተም በአገሮች መካከል ለሚላክ ደብዳቤም ተቀበለው። ኢትዮጵያ ከ1908 ጀምሮ የኅብረቱ አባል ስለነበረች፣ ቴምብር የሌለው ፖስታ አዲስ አበባ ሲደርስ «ያልተከፈለበት» ተብሎ አይመለስም። በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ ቆጣሪውን ተሸክሞ ፖስታ ቤት መሄድ ሳያስፈልግ በስልክ መሙላት ተጀመረ።

ሌብነቱስ ቆመ? ቴምብር መስረቅ፣ አዎ፤ መሳቢያው ውስጥ የሚሰረቅ ነገር የለማ። ነገር ግን ጸሐፊው የራሱን ደብዳቤ ከድርጅቱ ደብዳቤዎች መሐል ሸጎጥ አድርጎ ቢያሳልፍ ቆጣሪው የማንን እንደሚያትም አያውቅም። ብዙ ድርጅቶች ከማኅተሙ ጎን ስማቸውንና ማስታወቂያቸውን ያትሙ ነበር። ስለዚህ የጸሐፊው ደብዳቤ እናቱ ቤት የሚደርሰው የኢንሹራንስ ማስታወቂያ ተሸክሞ ነው።