ዳራና ሐረግ፦ ከሐይቅ ብራና እስከ ከላላ መሶብ



ንግግሬን በገዛ ራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጉባኤ ማስታወቂያ እንዳዘጋጅ ታዝዤ፣ ከብራና መጽሐፍ ያነሣሁትን ሐረግ በኮምፒውተር ቆርጬ፣ ጎን ለጎን እየደጋገምሁ ከጽሑፉ ኋላ አነጠፍሁት። ሐረጉ አማረ፤ የጉባኤውን ቀን ግን ማንም ሊያነበው አልቻለም። ቁራጮቹ የተጋጠሙበት መስመርም ከሩቅ እንደ ስንጥቅ ይታይ ነበር። የቀደሙት ሰዎች የሚደጋገም ንድፍን የት እንደሚያኖሩ፣ ጫፉንስ እንዴት እንደሚያገጥሙ መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

የብራና ጸሐፊዎች ልማድ ግልጽ ነው። ሐረጉ የምዕራፉን ራስና ዳር ይይዛል፤ ፊደሉ በባዶው ብራና ላይ ይቆማል። ባዶ ስል ግን ተጠንቅቄ ነው። ብራና የጠጉር ወገንና የሥጋ ወገን አለው፤ በጠጉሩ በኩል ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ራሳቸው ዳራ ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ያሠሩት፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል የዚሁ የወሎ ቅርስ ነው። በዚያ ዘመን አካባቢ የነበሩ ሠዓልያን ብዙውን ጊዜ ዳራውን ሳይቀቡ ትተው፣ ንድፉን በቅዱሳኑ ልብስ ላይ ያፈስሱት ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሁለተኛው የጎንደር ስልት፣ ዳራው ራሱ ቀለም ሆነ፤ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። ከሕንድ የሚመጡት አበባማ ጨርቆችም በሥዕሉ ልብሶች ላይ ታዩ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ደግሞ የኪሩቤል ፊት በረድፍ ይደጋገማል። አንዱ ፊት ግን ሌላውን ፈጽሞ አይመስልም፤ ዓይን የማይሰለቸው በዚህ ይመስለኛል።

ከድንጋይ ሥራ፣ በአፄ ናዖድ ተጀምሮ በአፄ ልብነ ድንግል የተፈጸመውን መካነ ሥላሴን ሳልጠቅስ አላልፍም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አይቶ የግድግዳውን ቅርጽ አድንቋል። እ.ኤ.አ. በ1531 በጦርነት ተቃጠለ።

ወደ ከላላ ልመለስ። እዚህ የንድፍ ትምህርት ቤቱ መሶብ ነው፤ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ያለ። መሶብ እየተጠቀለለ የሚያድግ ስፌት ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ይመስላል፣ ነገር ግን በየዙሩ የሚገናኝበት ቦታ አለ። የአለላው ንድፍ አንዱ ክፍል 8 ስፌት ቢፈጅና ዙሩ 100 ስፌት ቢሆን፣ ንድፉ 12 ጊዜ ተደግሞ 4 ስፌት ይተርፋል። ያ ትርፍ በአንድ ቦታ ከተጣለ፣ በእኔ ማስታወቂያ ላይ የታየው ስንጥቅ እዚህም ይታያል። በዚያ ላይ መሶቡ ወደ ውጭ ሲሰፋ ቁጥሩ በየዙሩ ይለወጣል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚያቀርቡልን ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይህ ጣጣ የለበትም።

በከላላ አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ሰፊ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። ወረቀት የላቸውም፤ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ትርፉን ከብዙ ዙር አስቀድመው ያውቁታል፤ ስፌቱን እዚህ ጠበቅ፣ እዚያ ላላ እያደረጉ ትርፉን በዙሩ ሁሉ ይበትኑታል። የመሶቡን ሆድ በንድፍ ሞልተው፣ እንጀራ የሚቀመጥበትን ወለል ግን ያለ ቀለም ተዉት። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው፤ እንጀራው ሊሸፍነው አለላ ማባከን ለምን?

አሁን ተማሪዎቼ ከኢንተርኔት ያወረዱትን ጥለት ለመጽሐፍ ሽፋን ሲያመጡልኝ፣ መጀመሪያ በትልቁ አሳትመው ከአሥር እርምጃ እንዲያዩት አደርጋለሁ። እኒያ እናት የጨረሱትን መሶብ ግን ያየሁት ከአንድ ክንድ ርቀት ነበር። መጋጠሚያውን ፈልጌ አጣሁት፤ በመጨረሻ እጄን ይዘው፣ ጣቴን በቦታው ላይ አኖሩልኝ።