ለትምህርት ቤቱ ብለው ቤት ገዙ፤ ክልሉ ግን ተለወጠ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሚገኙት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቤት ሲገዙ ከሚያስቀድሟቸው ጥያቄዎች አንዱ «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል አንድ ልጅ የሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚወሰነው በመኖሪያ አድራሻው ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ባልና ሚስት ሁለት ሁለት ሥራ እየሠሩ የሠላሳ ዓመት የቤት ብድር የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ ለግድግዳውና ለጣራው ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱም ስም ነው። ከዓመታት በኋላ ግን የትምህርት ቤቶች ክልል ሊጠና መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «ትምህርት ቤቱን አልገዛነውም ወይ?» የሚል ነው። አጭሩ መልስ «አልተገዛም» ነው። ይህ ማለት ግን ወላጅ ምንም ማድረግ አይችልም ማለት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክልሉን ማን ይለውጠዋል? ለምን?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከየትኛው ሰፈር ተማሪ እንደሚቀበል የሚወስነው የካውንቲው ወይም የከተማው የትምህርት ቦርድ ነው። ክልል የሚለወጠው በአብዛኛው አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ አንዱ ሞልቶ ተማሪዎች ግቢ ውስጥ በተተከሉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ሲማሩ ሌላው ባዶ ወንበር ሲኖረው፣ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው።

ለምሳሌ በሜሪላንድ ሃዋርድ ካውንቲ የትምህርት ቦርዱ በኅዳር 2019 ከ5 ሺሕ በላይ ተማሪዎችን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚያዛውር ውሳኔ አሳልፏል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ውድዋርድ ሃይስኩልን እንደገና ከመክፈትና ክራውን የተባለ አዲስ ሃይስኩል ከመገንባት ጋር ተያይዞ በ2025 አማራጭ ካርታዎች ለሕዝብ ቀርበዋል። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ በ2024 ያሻሻለው ፖሊሲም የመላው ካውንቲ ክልል በየአምስት ዓመቱ እንዲከለስ ያዛል። እንግዲህ የክልል ለውጥ ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን ቤት ሲገዛ አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ባለቤትነት የሚሰጠው መብት

የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1967 የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን ጉዳይ አይቶ፣ ከቦርዱ ዕቅድ የተሻለ ሌላ ዕቅድ ነበረ ማለት ብቻውን ውሳኔውን እንደማያሽር ገልጿል። የቤት ባለቤትነት ልጅን በአንድ በተወሰነ ትምህርት ቤት ለማስተማር የሚያበቃ የሕግ መብት አይሰጥም።

የቤቱ ዋጋስ? ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ሳንድራ ብላክ በ1999 ባሳተሙት ጥናት በቦስተን ዙሪያ በመከለያው መስመር ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶችን አነጻጽረው ነበር። የትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት በ5 በመቶ ከፍ ሲል ወላጆች ለቤት 2.5 በመቶ ገደማ አብልጠው እንደሚከፍሉ አሳይተዋል። ልዩነቱ አለ፤ ሆኖም በጎረቤት ወሬ የሚነገረውን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። በመሆኑም ካርታ ገና በረቂቅ ደረጃ ላይ ሳለ በድንጋጤ ቤት መሸጥ የሚመከር አይደለም። በሁለቱ ግዛቶች አንድ ካውንቲ ውስጥ ክልል በመለወጡ ብቻ የንብረት ግብር መጣኔ እንደማይለወጥም ማወቅ ይገባል።

ደብዳቤው ሲደርስ

ቀዳሚው ተግባር የቤቱን አድራሻ በረቂቁ ካርታ ላይ ማግኘት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት አማራጮች ከአንድ በላይ ናቸው። በአንዱ አማራጭ ሃይስኩሉ ብቻ ሲለወጥ በሌላው ኤለመንተሪውም ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሁሉንም ከልጆች ዕድሜ ጋር እያገናዘቡ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሒደቱ በአብዛኛው ከባለሙያዎች ረቂቅ ተነሥቶ፣ በሕዝብ አስተያየት አልፎ፣ የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ የውሳኔ ሐሳብ አቅርበው በቦርዱ ድምፅ ያበቃል። መስመር በቀላሉ የሚነሳውና የሚመለሰው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ብዙ ወላጆች የሚነቁት ግን በመጨረሻው ሳምንት ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲና አሌክሳንድሪያ ከተማ ለወላጆች መረጃ ከሚያወጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በስብሰባ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅም ነውር የለውም።

ሦስተኛው የሚነገረው ነገር ነው። «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል» የሚል አቤቱታ በቦርዱ መመዘኛ ውስጥ ቦታ የለውም። የሞንትጎመሪ ፖሊሲ የሚያያቸው አራት ነገሮች የተማሪው ስብጥር፣ የመልክዓ ምድር ቅርበት፣ የምደባ መረጋጋትና የሕንፃው አጠቃቀም ናቸው። ስለዚህ «ልጄ ባለ ስድስት መስመር መንገድ በእግሯ ልታቋርጥ ነው»፣ «ይህ ሰፈር ከዚህ ቀደምም ተዛውሯል»፣ «በዚህ አማራጭ የሚቀበለው ትምህርት ቤትም ከአቅሙ በላይ ይሞላል» የሚሉ፣ በቁጥርና በካርታ የተደገፉ አስተያየቶች የበለጠ ይደመጣሉ። የንግግር ሰዓት የተወሰነ በመሆኑ ሐሳቡን በጽሑፍም ማስገባት ይጠቅማል።

አራተኛው የመሸጋገሪያ ደንብ ነው። ብዙ ቦርዶች ክልል ሲለውጡ ሃይስኩል ሊጨርሱ የተቃረቡ ተማሪዎች በነበሩበት እንዲቆዩ ይፈቅዳሉ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት አብሮ ይቆይ እንደሆነ፣ አውቶቡስም ይቀጥል እንደሆነ ግን በየቦታው ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመቆየት ፈቃድ ያለ አውቶቡስ ከተሰጠ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ለሚነዳ አባትና ለነርስ እናት ፋይዳው ትንሽ ነው።

ቦርዱ ከወሰነ በኋላ በሜሪላንድ ለግዛቱ የትምህርት ቦርድ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ለአካባቢው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ውሳኔው ያለ በቂ ምክንያት የተደረገ ወይም ሕግ የጣሰ መሆኑን ማስረዳት የአመልካቹ ፈንታ በመሆኑ ማሸነፍ ከባድ ነው። በግል ችግር ምክንያት ለአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ለውጥ መጠየቅ ከይግባኙ የተለየ ጉዳይ ስለሆነ፣ የማመልከቻ ጊዜው ሳያልፍ መቅረብ አለበት።

በመካከላችን የሚዘወተር አንድ ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም፤ ይኸውም በዘመድ አድራሻ ማስመዝገብ ነው። ለወላጁ እንደ መተጋገዝ ይታይ እንጂ በትምህርት ቤቶቹ ዘንድ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ነው። ሲደረስበት ልጁን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤቱ ሊያስወጣ ይችላል። ከሌላ ካውንቲ የመጣ ከሆነ ደግሞ ክፍያ ሊያስከትል ይችላል።

በመስመሩ ማዶ

በእነዚህ ስብሰባዎች «ልጆቻችን ከእነዚያ ልጆች ጋር አይማሩም» የሚል ሐሳብ በለዘበ ቃል ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። እኛ ዘንድ ጉዳዩ የተለየ መልክ አለው። አንዱ ወንድም ራቅ ብሎ ቤት ገዝቷል፤ ሌላው በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ተከራይቶ ይኖራል። ለአንዱ ልጅ ሥጋት የሆነው ካርታ ለሌላው ልጅ ዕድል ሊሆን ይችላል። በየስብሰባው በብዛት የሚሰማው የቤት ባለቤቱ ድምፅ ነው፤ የማታ ፈረቃ የሚሠራው ተከራይ አይገኝም። ስለ ራሱ ሊናገር የሄደ ወላጅ የዘመዱንም ጽሑፍ ይዞ ቢሄድ መልካም ነው።

ገና ሊገዙ ለተዘጋጁ ደግሞ፦ በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን የትምህርት ቤት ስም ብቻ አይመኑ። አድራሻውን በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያጣሩ። ትምህርት ቤቱ ከአቅሙ በላይ ሞልቶ እንደሆነ፣ በአቅራቢያውም አዲስ ግንባታ ታቅዶ እንደሆነ ይጠይቁ። ከሁሉም በላይ መስመሩ ቢዛወር እንኳ ሊኖሩበት የሚወዱትንና ብድሩን ሊከፍሉት የሚችሉትን ቤት ይግዙ።

ውሳኔው ካልተመለሰም ልጁን ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ወስዶ ማሳየት፣ ከአማካሪው ጋር ማስተዋወቅና ስለ ትምህርት ቤቱ ቤት ውስጥ በክፉ አለማንሳት ያስፈልጋል። ልጁ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት የሚኖረው አመለካከት ከወላጁ ይጀምራል።