ከጥያቄ ምልክቱ እስከ «ሠላም»

በ1999 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ የተየብኳቸው ግጥሞች በአንዲት ፍላሽ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተኝተው ኖሩ። በ2008 ዓ.ም. በሌላ ኮምፒውተር ስከፍታቸው አንዲት የአማርኛ ሆሄ አልነበረባቸውም፤ የላቲን ፊደላት፣ የፓውንድና የየን ምልክቶች፣ ሰረዞችና ነጥቦች ተደበላልቀው ገጹን ሞልተውት አገኘሁ። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። በዚያ ዘመን ከምንገለገልባቸው የአማርኛ ፎንቶች ብዙዎቹ ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል እያስቆጠሩ በላዩ ላይ የእኛን ሆሄ የሚስሉ ነበሩ። ያለው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን ፊደላችን ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ እያንዳንዱ የፎንት አዘጋጅ በየራሱ መላ ያጨናንቀው ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ሥዕሉ አብሮ ጠፋ፤ የቀረኝ የላቲኑ ቁጥር ነው።

ከዚያ ወዲህ «ምን ልጻፍ?» ከማለቴ በፊት «በምን ልጻፍ?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ኤዲተር የሚባሉትን ፕሮግራሞች ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። ኤዲተር ስለ ኅዳግና ስለ ፊደል ውበት አይጨነቅም፤ የተጻፈውን ሆሄ በየተራው ከማስቀመጥ በቀር ሌላ ጣጣ የለውም። ስለዚህ ግጥምም ሆነ የፕሮግራም ትእዛዝ ለእርሱ አንድ ነው። ከእነዚህም መካከል ነጻ የሆነውን ፈለግሁ። በነጻ የሚሰጠውን ማለቴ አይደለም፤ በቋንቋችን አንዲት «በ» ሁለቱን ትለያቸዋለች። በነጻ የተሰጠኝን ሰጪው ነገ ሊነሳኝ ይችላል፤ ነጻ የሆነውን ግን ውስጡን አይቼ፣ አርሜና አባዝቼ ለሌላ ማስተላለፍ እችላለሁ። የአንድ አዘጋጅ ፎንት ሲጠፋ ጽሑፉ ለጠፋበት ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የእነዚህ ፕሮግራሞች ታሪክ ከብዙ ልብ ወለድ ይልቅ ይማርካል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1969 ኬን ቶምሰን በአሜሪካው ቤል ላብስ ለዩኒክስ «ኢዲ» የተባለውን ኤዲተር ጻፈ። ያን ጊዜ የሚሠሩት ስክሪን በሌለው ቴሌታይፕ ላይ ነበር፤ ማሽኑ በሰከንድ አሥር ሆሄ እያንኳኳ በወረቀት ላይ ያትማል። ወረቀቱና ጊዜው ውድ ስለሆነ ኢዲ ዝምተኛ ነው። ጸሐፊው ሲሳሳት የሚመልስለት አንዲት የጥያቄ ምልክት ናት፤ ምን እንደ ተሳሳተ ራሱ ይድረስበት!

በ1976 ቢል ጆይ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ «ቪአይ»ን መጻፍ ጀመረ። ይገለገልበት የነበረው ኤዲኤም-3ኤ የተባለ ስክሪን ነው፤ በእርሱ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ቀስቶቹ የተሳሉት በኤች፣ በጄ፣ በኬና በኤል ፊደላት ላይ ነበር። ማሽኑ ካለፈ ስንት ዘመኑ፣ የቪአይ ተጠቃሚዎች ግን ዛሬም በእነዚያው አራት ፊደላት ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። የቪአይን ፈለግ ተከትሎ ሆላንዳዊው ብራም ሙለናር በ1991 «ቪም»ን ለሕዝብ አቀረበ። ይህ ሰው በ1994 በኡጋንዳ፣ በኪባሌ፣ በውኃና በንጽሕና ሥራ ለአንድ ዓመት አገልግሏል። በ2023 እስኪያርፍ ድረስም ቪምን ለሚወዱ ሁሉ የሚያቀርበው ልመና ለኡጋንዳ ሕፃናት እርዳታ እንዲሰጡ ነበር።

ሰውየውን አከብራለሁ፤ ፕሮግራሙ ግን ከአማርኛ ጋር አጣላኝ። በቪም ውስጥ ለመጻፍ አንድ ሁኔታ፣ ለማዘዝ ሌላ ሁኔታ አለ፤ በማዘዣው ሁኔታ ተራ ፊደላት ትእዛዝ ይሆናሉ። መስመር ለመሰረዝ ዲን ሁለት ጊዜ መምታት ነው። የቁልፍ ሰሌዳዬ በግዕዝ ላይ ሳለ ግን የሚደርሰው «ድድ» ነው፤ ቪም ደግሞ ድድ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። መላ አለው ይላሉ፤ እኔ ግን ስንኝ መጥቶ ደጅ ሲጠና መላ የምፈልግበት ትዕግሥት የለኝም።

የተረፈኝ ኢማክስ ነው። ሪቻርድ ስቶልማንና ጋይ ስቲል በ1976 በኤምአይቲ ቤተ ሙከራ የጀመሩት ሲሆን፣ ስቶልማን በ1985 ግኑ ኢማክስን አወጣ። ቀደም ሲል ጄምስ ጎስሊንግ የጻፈው ሌላ ኢማክስ በነጻ ሲዘዋወር ቆይቶ መብቱ ለአንድ ኩባንያ ተሸጦ ነበር። ከዚያ ኮድ የወሰደውን ክፍል ስቶልማን እንደ ገና በራሱ እጅ ለመጻፍ ተገደደ። የነጻነቱን ፈቃድ በ1989 በጽሑፍ ሲያጸና ይህን አልረሳውም።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሙል በተባለ ሥራቸው የዓለምን ፊደላት ወደ ኢማክስ ሲያስገቡ ግዕዝን አልዘነጉትም፤ በ1997 የወጣው 20ኛው ኢማክስ ከነግዕዙ ነበር። ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ በ345 ምልክቶች ነው። ኢማክስ የየአገሩን ሰላምታ የሚያሳይበት ገጽ አለው፤ አማርኛም በተራው «ሠላም» ይላል። በእሳቱ «ሰ» መጻፍ ሲገባው በንጉሡ «ሠ» ጽፈውታል፤ በዚያ ሁሉ ድካማቸው ይቅር ብያቸዋለሁ። የግዕዝ መጻፊያውም በውስጡ ስላለ፣ በኮንትሮል ቁልፍ የማዘው ትእዛዝ ከሆሄው ጋር አይጋጭብኝም።

ይህ ሁሉ ሆሄ ዛሬ በፋይል የሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው ሥርዓት የተነደፈው በ1992 በኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነው። ነዳፊው፣ ሮብ ፓይክ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ያው ኬን ቶምሰን ነበር፤ ያ የጥያቄ ምልክቱ ሰውዬ! «ሀ»ም «ፐ»ም በእርሱ ሥርዓት ሦስት ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ የማንም ፎንት ቢጠፋ «ሀ» ያው «ሀ» ነው።

ግጥሞቼን ለመመለስ ጥቂት ፓይተን ተማርኩ። ሙያዬ አይደለም፤ ቀን ባንክ ቤት ስሠራ ውዬ ማታ ማታ ነበር የምሞክረው። የትኛው የላቲን ምልክት የትኛው ሆሄ እንደ ነበር አንድ በአንድ እየለየሁ ሠንጠረዡን ሠራሁ፤ ሠንጠረዡንም ፕሮግራሙንም የጻፍኩት በዚያው በኢማክስ ነው። ለመማር ከባድ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ከፕሮግራሙ መውጣት እንኳ ተስኖኝ ነበር። መማር ለማይፈልግና በዊንዶውስ ለሚሠራ ወዳጅ በ2003 የተጀመረውን ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን እመክራለሁ፤ እርሱም ነጻ ነው፣ አማርኛችንንም ሳያበላሽ ያስቀምጣል።

ከአንዱ በቀር ግጥሞቹ ተመለሱ። ያን አንዱን የነበረኝ በኢሜይል በላክሁት ቅጂ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ አንዱ ፕሮግራም የማያውቃቸውን ምልክቶች በጥያቄ ምልክት ተክቷቸዋል። ስለ አያቴ የጻፍኩት ነበር። ዐሥራ አራት መስመር እንደ ነበረና ሁለተኛው ስንኝ በ«ኩራዝ» እንደሚያልቅ አስታውሳለሁ። ፋይሉን እንዳለ፣ ከነጥያቄ ምልክቶቹ፣ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ።