የአክሱም ወርቅ፣ የፍራንክፈርት መንገደኛና የጀማሪው ኪስ

ሪደርቫልድ ከፍራንክፈርት በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሠራተኛ ቤተሰቦች የታነጸ ሰፈር ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ከአይንትራኽት ፍራንክፈርት እግር ኳስ ክለብ ጋር ነው። በዚህ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የወርቅ ሳንቲም መሰብሰብ ቢያምረው፣ ከመግዛቱ በፊት በምድር ውስጥ ባቡር ቁጥር 7 ተሳፍሮ ወደ ቦከንሃይመር ቫርተ መሄዱ አይከፋም። እዚያ አጠገብ ያለው የዜንከንበርግ ሙዚየም ታሪክ ከአንድ የከተማይቱ ተወላጅ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ከኤድዋርድ ሩፔል ጋር።

ሩፔል በ1794 (እ.ኤ.አ.) ፍራንክፈርት ተወለደ። በ1831 ምጽዋ ደርሶ ትግራይን፣ ሰሜንን፣ ጎንደርን ዞረ። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ የገለጸው እሱ ነው። በአክሱም የገለበጣቸውን ትልልቅ የግዕዝ የድንጋይ ጽሑፎች ምሁራን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሯቸዋል። በ1838 እና በ1840 በሁለት ቅጽ የታተመው የጉዞ መጽሐፉ ደግሞ የአክሱምን ሳንቲሞች ለአውሮፓ ካስተዋወቁት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። በስተርጅናው ከእንስሳት ይልቅ በሳንቲም ጥናት ተጠምዶ የከተማይቱን የሳንቲም ስብስብ ሲያደራጅ ኖሮ በ1884 አረፈ።

እንዲህ ያለ ሰው በሳንቲም ለምን ይጠመዳል? መልሱ ያለው በአክሱም ነገሥታት ስም ዝርዝር ላይ ነው። በየገዳማቱ የተጻፉት ዝርዝሮች በሳንቲሞቹ ላይ ከሚነበቡት ስሞች ጋር በአብዛኛው አይገጥሙም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በወርቅና በብር ሳንቲም ማስመታት የጀመረው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ከእሱ በኋላ ከነገሡት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኔዛና፣ መንገሣቸው የሚታወቀው በሳንቲም ብቻ ነው። ለእነዚህ ነገሥታት ከሁለት ግራም የማይሞላው ወርቅ ዜና መዋዕላቸውም ሐውልታቸውም ነው።

ሳንቲሙ ስም ብቻ አይደለም የሚናገረው። በወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው ግሪክኛ ነው፤ ወርቁ ባሕር ተሻግሮ የሚነግድ ገንዘብ ነበርና። በብሩና በነሐሱ ላይ ግን ግዕዝ እየገባ መጣ። በንጉሡ ምስል ግራና ቀኝ የእህል ዛላ ይታያል። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ከላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ፣ ከተቀበለ በኋላ በመስቀል ተተኩ። የአንድ አገር የሃይማኖት ለውጥ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በሚያርፍ ወርቅ ይነበባል ማለት ነው።

ጀማሪው የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። የአክሱም ወርቅ በአውሮፓ የሐራጅ ገበያ ይገኛል። ከታወቁት ግኝቶች ትልቁ በ1977 በየመን አል-ማድሐሪባ የወጣው ነው፤ ከ1,000 በላይ ከሆኑት የወርቅ ሳንቲሞች አብዛኞቹ የአክሱም ነበሩ። ያ ክምችት ተቆጥሮና ተመዝግቦ በመጠናቱ የትኛው ንጉሥ ከየትኛው በኋላ እንደመጣ ለመለየት ረድቷል። ያው ወርቅ በማታ ተቆፍሮ አንድ በአንድ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ግን የሚተርፈው ጌጥ ብቻ ነበር። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ከየትና መቼ እንደወጣ የማይታወቅ የአክሱም ወርቅ የሚገዛ ሰው፣ ለአገሩ ፍቅር ሲል የአገሩን ታሪክ የሚያጠፋውን እጅ ሊከፍል ይችላል። አስመስሎ የተሠራ የመግዛቱም ዕድል ለጀማሪ ቅርብ ነው።

ታዲያ ከምን ይጀምር? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «ወርቅ» የሚል ስም ያላቸው፣ ሙሉ፣ ግማሽና ሩብ ሆነው የተመቱ የወርቅ ሳንቲሞች አሉ፤ ግን በኋላ ዘመን እንደገና የተመቱም ስላሉ አዋቂ ሳያይ መግዛት አይበጅም። ለጀማሪ የሚቀለው በ1966 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስብስብ ነው። ትንሹ የ10 ብር ሳንቲም 4 ግራም፣ ትልቁ የ200 ብር ደግሞ 80 ግራም ይመዝናል። ጥራቱም ከ1,000 እጅ 900 ነው። ይህን በሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ክብደቱ ከተጎደለ ነገሩ ያበቃል። ጀርመን ውስጥ ከ1800 በኋላ የተመታ፣ ጥራቱ ቢያንስ 900 የሆነ ሳንቲም በአገሩ መገበያያ ሆኖ ከነበረና ዋጋው ከወርቁ ዋጋ ከ80 በመቶ በላይ ካልበለጠ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ነው። ሻጩ ከዚያ በላይ ከጠየቀ ገዢው የሚከፍለው ለወርቁ ሳይሆን ለብርቅነቱ ነው፤ ብርቅነቱን ደግሞ ሻጩ ማስረዳት አለበት።

የሩፔል ነገር ሁለት ገጽ አለው። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ወደ ፍራንክፈርት ሄደዋል፤ ያ ዘመን ባለቤቱን ብዙም አይጠይቅም ነበር። ይሁንና ሰውየው ያየውን ጽፎ፣ ሥሎና አሳትሞ አልፏል። ዛሬ ስለ እነዚያ ዕቃዎች መጠየቅ የተቻለው መዝገብ ስላለ ነው። የሪደርቫልዱ ጀማሪም ከሩፔል የሚማረው ይህንኑ ነው። ከሳንቲሙ በፊት መጽሐፍ ይግዛ፤ ሳንቲሙን ሲገዛም ከማን፣ መቼና በስንት እንደገዛ የሚናገረውን ደረሰኝ አብሮ ያስቀምጥ። ሳጥኑን አንድ ቀን የሚከፍቱት ልጆቹ ናቸው፤ ወርቁን ሚዛን ያውቅላቸዋል፣ ከየት እንደመጣ ግን ወረቀቱ ካልነገራቸው ማንም አይነግራቸውም።